በትንሽ ካራቫን ካምፕ ለመውጣት፦ ከሚዛኑ እስከ መጀመሪያዋ ሌሊት

የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ ካራቫኗ፣ መኪናዬ የሚጎትታት ባለ አልጋ ተሳቢ፣ ጅራቷን መቁላት ጀመረች። ሌላ የሚገልጸው ቃል የለኝም። ቁልቁለት ላይ ነኝ፤ ፍጥነቴ 90 ገደማ ነው። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በጎኔ አልፎኝ ሄደ። ወዲያው በስፖኪዮ ሳያት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ትላለች። መኪናውም አብሯት መወዛወዝ ጀመረ። መዳፌ ከማላቡ የተነሳ መሪው ሊያመልጠኝ ደረሰ። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። ወርጄ በሩን ስከፍት ጥፋቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፦ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ከጎማው ወዲያ፣ መጨረሻው ጥግ ላይ። 40 ኪሎ። ያስቀመጥኳቸው ራሴ ነኝ፤ «ስንደርስ ለመቅዳት ይመቻል» ብዬ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ካራቫን ሲወራ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስንት ኪሎ ነው፣ የትስ ነው የተቀመጠው? መጋረጃው፣ የጣሪያው አምፖል፣ ያቺ የምታምር ትንሽ ምድጃ ቀስ ብሎ ይደረስባቸዋል።

የትኛዋ ናት ትንሽ?

እዚህ የማወራው ሙሉ ጭነቷን ይዛ ከ750 ኪሎ ስለማታልፍ ካራቫን ነው። ቁጥሩን ከኪሴ አላወጣሁትም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እስከ 750 ኪሎ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው አይገደድም፤ በተራ የቤት መኪና መንጃ ፈቃድም ይጎተታል። ሌላ አገር ሌላ ሕግ አለው፤ የምትነዱበትን አገር ቀድማችሁ አጣሩ።

በዚህ ክብደት በብዛት የምታገኙት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ነው። ውስጡ አልጋ ነው፣ በቃ። ማብሰያው ከኋላ ክዳኑ ሲከፈት ይገኛል፤ የምታበስሉት ውጭ ቆማችሁ ነው። ሌላው ጣሪያው የሚነሳው ነው። ሲጎተት ዝቅ ይላል፣ ሲቆም ጣሪያው ወደ ላይ ይገፋና ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። ዝናብ ብዙ በሚዘንብበት ቦታ የምትወጡ ከሆነ ወይም ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ሁለተኛውን እመርጥላችኋለሁ። ተንበርክኮ ሱሪ መልበስ ለሁለት ቀን ያስቃል፤ በሦስተኛው ቀን አያስቅም።

ለመዝናኛ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ካራቫን ነው የሚባለው በ1885 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ለዶክተር ዊልያም ጎርደን ስቴብልስ የተሠራው ነው። የሚጎትቱት ሁለት ፈረሶች ነበሩ። ፈረስ ከከበደው ዳገት ላይ ቆሞ ይነግርሃል። መኪና አይናገርም፤ ስለዚህ መመዘኑ የእኛ ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመጫን በፊት መመዘን

ሦስት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ካራቫኗ ባዶዋን ስንት ትመዝናለች? ሞልታ እስከ ስንት ተፈቅዶላታል? ልዩነቱስ? ባዶዋን 550፣ ሞልታ 750 ከሆነች የቀራችሁ 200 ኪሎ ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። አሁን እንቀንስለት። የብረት ጋዝ ሲሊንደር ከነጋዙ 22 ኪሎ ገደማ። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ተራ ባትሪ 28 ገደማ። ሁለት ጀሪካን ውሃ 40። የጥላ ሸራው ከነምሰሶው 15። ጠረጴዛና ወንበሮች ሌላ 15። ቀረ 80። ከዚህ ላይ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ምግብ፣ የሁለት ሰው ልብስና መሣሪያ ይውጣ። አያችሁ?

ሻጭ የሚሰጣችሁን ባዶ ክብደት አትመኑት። እየዋሹ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ካራቫኗ ከፋብሪካ ስትወጣ ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላ የተገጠመላት ሶላር፣ ባትሪና ሸራ አይቆጠርም። የጭነት መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ውሰዷት። ለጉዞ እንደተዘጋጀች፣ ሞልታ።

የመኪናውም ሰነድ ይታይ። እስከ ስንት ኪሎ መጎተት እንደሚችል፣ መሳቢያው ኳስ (ካራቫኗ የምትያያዝበት፣ ከመኪናው ኋላ ያለው የብረት ኳስ) ላይ ቁልቁል እስከ ስንት ኪሎ መሸከም እንደሚችል ተጽፎበታል። ጀማሪ ከሆናችሁ የካራቫኗ ጠቅላላ ክብደት ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶ ባያልፍ ይመከራል። ይህ ሕግ አይደለም፤ ግን መኪናው ካራቫኗን እንዲመራት እንጂ እሷ መኪናውን እንዳትመራው ያደርጋል። ለትንሽ ካራቫን ደግሞ ከባድ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አጫጫን

ቀሪውን ሁሉ ብትዘሉ ይህችን አትዝለሉ።

ከባድ ነገር ወለል ላይ፣ ከጎማው በላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጣል። ባትሪ፣ የታሸገ ምግብ፣ የመሣሪያ ሳጥን እዚያ ናቸው። መካከለኛው ዙሪያውን ይሆናል። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ልብስ፣ ፎጣ፣ የፕላስቲክ ሳህን። ኋላ ጥግ ላይ ቀላል ነገር ካልሆነ ምንም አይቀመጥ። ክብደት ከጎማው በራቀ ቁጥር እንደ መዶሻ ራስ ይሆናል፤ አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ ለማቆም ያስቸግራል። ውሃ ከሆነ ደግሞ ይባስ። በግማሽ የሞላ ጀሪካን ወይም ታንከር ውስጡ እየተንገዋለለ ውዝዋዜውን ያግዛል። የምትሄዱበት ቦታ ውሃ ካለ ባዶውን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ ሙሉት። ከሌለም ጀሪካኑ በመኪናው ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ይሁን።

ከዚያ ካራቫኗ ኳሱ ላይ ስንት ኪሎ እንደምትጫን ይለካል። አውሮፓ ውስጥ የሚመከረው ከተጫነችው ካራቫን ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ ይባላል፤ የመኪኖቹም የመሳቢያዎቹም አሠራር ይለያያል። የእናንተ ካራቫንና መኪና መመሪያ የሚለውን ያዙ፤ ከሁለቱ ያነሰው ቁጥር ጣሪያችሁ ነው። ለምሳሌ 700 ኪሎ ለሆነች ካራቫን 7 በመቶው 49 ኪሎ ነው።

ለመለካት ልዩ ዕቃ አያስፈልግም። ሰው የሚመዘንባት የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ትበቃለች። ሜዳ ላይ ካራቫኗን ነቅላችሁ አቁሙ፣ ለጎማዎቹ ታኮ አድርጉ። ሚዛኑ ላይ ጠንካራ ጣውላ አቁሙ። የጣውላው ቁመት ኳሱን የሚጎርሰው የካራቫኗ አፍ መኪናው ላይ ሲሆን የሚኖረውን ከፍታ እንዲያህል ይቆረጥ። አፏን ጣውላው ላይ አሳርፉና የፊቷን ትንሽ ጎማ ከመሬት አንሱ። ሚዛኑ 31 ካለ አነስ ብሏል። የጋዝ ሲሊንደሩን ከመሃል ወደ ፊት ሳጥን አዛውራችሁ እንደገና እዩት። 46 አለ? በቃ። በትንሽ ካራቫን አንድ ዕቃ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል። ልኩን ስታገኙ እያንዳንዱ ዕቃ የተቀመጠበትን ፎቶ አንሱ፤ በሚቀጥለው ጉዞ አትደክሙም።

ደረጃ 3፦ ማያያዝ

ይህን ሥራ ስትሠሩ ከማንም ጋር አታውሩ። እኔ ሰው ጣልቃ ገብቶ ካወራኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ያበዛሁ ይመስላል፤ ግን የመብራቱን ገመድ አስፋልት ላይ እየጎተትኩ 6 ኪሎ ሜትር የሄድኩት «እንደምን አደርክ» ሲለኝ ከነበረ ጎረቤቴ ጋር ስጫወት ነው።

መኪናውን ወደ ኋላ አስጠጉ። አፏ ኳሱ አናት ላይ ሲደርስ ትንሿን ጎማ እያዞራችሁ ዝቅ አድርጓት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ብቻ አትመኑ። ትንሿን ጎማ መልሳችሁ ጥቂት ዙር ወደ ላይ አዙሯት፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ በትክክል ጎርሳለች። ካልተነሳ እንደገና። ከዚያ የደህንነት ሰንሰለቱ ወይም ገመዱ ይታሰር፤ ሁለት ሰንሰለት ካላት ከሥር በመስቀል ይለፉ፣ አፏ ብታመልጥ መሬት ሳትነካ እንዲይዟት። የመብራቱን ሶኬት ሰኩ። ፍሬቻ ግራ፣ ፍሬቻ ቀኝ፣ የፍሬን መብራት፣ የማታ መብራት፤ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይንገራችሁ። ትንሿን ጎማ እስከ መጨረሻው ስባችሁ አጥብቁ። የእጅ ፍሬን ካላት ልቀቁ። ታኮውን አንሱ፤ ሁልጊዜ በመጨረሻ።

የጎማ ንፋስ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ዕድሜውንም እዩ። የካራቫን ጎማ ከማለቁ በፊት ያረጃል፤ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይውላልና። ጎኑ ላይ ባለ 4 አኃዝ ቁጥር አለ። 2319 የሚል ከሆነ የተሠራው በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም 6 ወይም 7 ዓመት የሞላውን እቀይረዋለሁ። ጎማ ከተፈታ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ አይረሳ። ስኮርታና ለካራቫኗ የሚሆን ክሪክ ይዛችኋል? የመኪናው ክሪክ ለእሷ ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ መንገድ ላይ

ትንሽ ስለሆነች ትረሳላችሁ። ትልቁ አደጋ ይሄ ነው። ለማቆም ረዘም ያለ ርቀት ትፈልጋላችሁ፤ የራሷ ፍሬን ከሌላት የሷንም ክብደት የሚያቆመው የመኪናው ፍሬን ነው። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ፤ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ። መታጠፊያ ላይ ሰፋ አድርጋችሁ ግቡ፤ የውስጠኛው ጎማዋ ከመኪናው ጎማ ይልቅ ጠርዙን ይቆርጣል።

መወዛወዝ ብትጀምርስ? እጅ የሚያዛችሁ ሁሉ ስህተት ነው። መሪውን ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ላርማት አትበሉ። ፍሬን ጠንከር አድርጋችሁ አትርገጡ። «ልጎትታት» ብላችሁም ነዳጅ አትስጡ። እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ። ስትረጋጋ አመቺ ቦታ ቁሙና ጭነቱን እዩ። አንዴ የተወዛወዘች ካራቫን ምክንያት አላት።

ወደ ኋላ መንዳት ብዙ ሰው የሚፈራው ነው። አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ይልቅ ያስቸግራል፤ ቶሎ ይታጠፋል። መላ ልስጣችሁ። መሪውን ከታች በኩል በአንድ እጅ ያዙት። እጃችሁ ወደ ግራ ሲሄድ የካራቫኗ ኋላ ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ። በጣም ቀስ በሉ፤ መሪውን በጥቂቱ ብቻ አንቀሳቅሱ። ከታጠፈች አትታገሉ፣ ወደ ፊት ነድታችሁ አቃኗትና እንደገና ጀምሩ። ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ተለማመዱ። እምቢ ካለችም ነቅሎ በእጅ መግፋት ይቻላል። የትንሽ ካራቫን ትልቁ ጥቅም ይሄ አይደል?

ደረጃ 5፦ ቦታ መምረጥና ማስተካከል

ከመጨለሙ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ካራቫኗን ከማስገባታችሁ በፊት በእግራችሁ ዙሩ። ወደ ላይ እዩ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ሌላ ቦታ። ወደ ታች እዩ፤ ጎርፍ ያስቀመጠው አሸዋና ጭራሮ ካለ ውሃ የሚያልፍበት ነው፣ አሁን ቢደርቅም። ጎድጓዳ ቦታ ነፋስ የሚከልል ይመስላል፤ ግን ሌሊት ቅዝቃዜው ተንሸራቶ የሚተኛው እዚያ ነው። መሬቱን በተረከዛችሁ ተጫኑት። ከሰመጠ ጠዋት ላትወጡ ትችላላችሁ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ግራና ቀኙ፣ ገና ከመኪናው ሳትነቀል። የግንበኛ ውሃ ልክ ወለሉ ላይ አጋድሙ። ዝቅ ያለው ጎማ ሥር ጣውላ አስቀምጡና ላዩ ላይ ንዱት። ከዚያ ለሁለቱም ጎማ ታኮ፣ የእጅ ፍሬን ካለ ይያዝ። ከዚያ መንቀል። ፊትና ኋላው በትንሿ ጎማ ይስተካከላል። በመጨረሻ አራቱ የማዕዘን እግሮች ይውረዱ። እነዚህ እግሮች እንዳትነቃነቅ ለመደገፍ ናቸው፤ ክሪክ አይደሉም። በነሱ ካራቫኗን ላንሳ ያለ ሰው ሻንሲዋን ያጣምማል።

ውሃ ልክ ከሌላችሁ ግማሽ ውሃ የያዘች ጠርሙስ ወለል ላይ አጋድሙ። ፍጹም መሆን የለበትም። እንደምንም ካልተስተካከለ ራሳችሁ ከእግራችሁ ከፍ ብሎ እንዲተኛ አድርጉት። ግልባጩን ሞክሬዋለሁ፤ ጠዋት ዓይኔ አብጦ፣ ራሴ ድንጋይ ሆኖ ነው የተነሳሁት።

ደረጃ 6፦ ጋዝና አየር

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ወለል ይወርዳል። ወለሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ለዚያ ነው የተሠሩት። «ብርድ አስገቡብን» ብላችሁ በጨርቅ አትድፈኗቸው። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ ከተነፋ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው እንዳታስጠጉ። ስትነዱ ሲሊንደሩ ከራሱ ላይ ይዘጋ።

እሳት ሲነድ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም። ትንሽ ክፍል ውስጥ ሰውን ለመግደል ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ከሰል ካራቫን ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የጠፋ የሚመስል ፍምም ቢሆን። የማብሰያ ምድጃን ለማሞቂያ ለኩሳችሁ አትተኙ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግዙ፤ ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ።

ብርድ ቦታ ከሄዳችሁ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት መለወጥ ያቆማል። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ምድጃው አይነድም። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ይሠራል።

ደረጃ 7፦ መብራትና ውሃ

ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ተራው የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በላይ ቶሎ ቶሎ ከተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 600 ነው። ኮምፕረሰር ያላት ትንሽ ፍሪጅ ሞቃት ቀን ላይ 400 ገደማ ትበላለች። አራት ባለ 3 ዋት አምፖል ለ4 ሰዓት 48። ሁለት ስልክ 30 ገደማ። ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። ባለ 100 ዋት ሶላር ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከ300 እስከ 500 ይመልሳል፤ የዛፍ ጥላ ካረፈበት ግን በጣም ይወርዳል። ለዚህ ነው ጣሪያ ላይ ከሚለጠፈው ይልቅ ታጥፎ በገመድ ርቆ የሚቀመጠውን የምወደው፤ ካራቫኗ ጥላ ሥር፣ ሶላሩ ፀሐይ ላይ። ሊትየም ባትሪ ይወደዳል፤ ግን በዚያው አቅም 12 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ክብደት ቆጣሪ ሰው ይገባዋል።

የታጠባችሁበት ውሃ ባልዲ ውስጥ ይጠራቀም። ወንዝና ሐይቅ አጠገብ አትድፉት፤ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ። ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ያለው ሰው ደግሞ ለዚያ በተዘጋጀ ቦታ ብቻ ይድፋ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

መስኮት ትንሽ ክፍት ይሁን፤ ብርድም ቢሆን። ሁለት ሰው ሲተኛ በትንፋሽ ብቻ ብዙ እርጥበት ያወጣል። ካልወጣ ግድግዳው ላይ ያድራል፣ ጠዋት ፍራሹ ሥር ታገኙታላችሁ። ልብስ በለስላሳ ቦርሳ ያዙ፤ ጠንካራ ሻንጣ ባዶም ሆኖ ቦታ ይይዛል። የእጅ ባትሪ፣ ጫማና የመኪና ቁልፍ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጡ፣ በጨለማ በእጅ ዳብሳችሁ የምታገኙበት ቦታ።

የጥላ ሸራውን ሌሊት ጠቅልሉት። አንዱን ማዕዘን ዝቅ አድርጎ መተው ለቀን ዝናብ ይሠራል፤ ውሃው ይወርዳል። ለሌሊት ነፋስ ግን አይሠራም። በውድቅት፣ በውስጥ ሱሪ፣ ካስማ ፍለጋ መውጣት አለ።

ስትነሱና ስትመለሱ

ከመነሳታችሁ በፊት ዙሯት፤ አንድ ሰው በቀኝ፣ አንድ ሰው በግራ። የጣሪያው መስኮት ተዘግቷል? አራቱ እግሮች ተነስተዋል? ጋዙስ? ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ ቁሙ፤ መዳፋችሁን ወደ ጎማው መሃል አስጠጉት። ሞቅ ያለ ደህና ነው። ሊነኩት የማይቻል ከሆነ ጉዞውን አቁሙ፤ ኩሽኔቱ ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት።

ቤት ስትደርሱ ደክሟችሁም ቢሆን እርጥብ ሸራ ታጥፎ አይደር። ፍራሹን በጎኑ አቁሙት፣ ነፋስ ይግባበት። የፍሪጁን በር ደግሞ በተጠቀለለ ፎጣ ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ከተዘጋ በሚቀጥለው ጉዞ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው።